ብረቱን ተዉት፤ ቁርጭምጭሚቱን እዩ

«ዶክተር፣ የጀርመኑ ይሻላል ወይስ የህንዱ?» ቁርጭምጭሚቱ የተሰበረ ሰው ቤተሰብ ገና ሳይቀመጥ የሚጠይቀኝ ይህን ነው። አጥንቱ ስንት ቦታ ነው የተሰበረው አይሉም። ቆዳው ቀዶ ሕክምና ይችላል ወይ፣ ስኳሩ ምን ያህል ነው፣ መገጣጠሚያው ከቦታው ወጥቶ ስንት ሰዓት ቆየ አይሉም። የብረቱን አገር ይጠይቃሉ። በእነሱ አልፈርድም። ይህን ጥያቄ ያስያዛቸው ገበያው ነው፤ ከእኔ በፊት በገቡበት በር ሁሉ የሰሙት የብረት ስም ነው። አንዱ ጋ «ርካሹ ይሰበራል» ተብለዋል፣ ሌላው ጋ «እኛ የምንሠራው በኦሪጅናሉ ነው» ተብለዋል።

እኔ በአጥንት ቀዶ ሕክምና እንጀራዬን የምበላ ሰው ነኝ። ብረት ሳስር ነው የምውለው፤ ስለዚህ የምናገረው ብረት ጠልቼ አይደለም። የምናገረው ይህ የብረት ፉክክር የገበሬውን በሬ እያስሸጠ፣ እግሩን ግን ሳያድን ሲቀር ስለማይ ነው። ቁርጭምጭሚት የሚድነው አጥንቱ በትክክል ወደ ቦታው ሲመለስና ቆዳው ሳይበላሽ ሲቀር ነው። እነዚህ ሁለቱ ከተሟሉ ተራው ብረት ይበቃል። ካልተሟሉ በዓለም ላይ ያለ ውድ ብረት ሁሉ አያድነውም።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። በቁርጭምጭሚት መሐል ታለስ የምንለው አጥንት አለ። ከላይ ትልቁ የቅልጥም አጥንት ተጭኖታል፤ ከውስጥ በኩል የዚሁ አጥንት ጉብታ፣ ከውጭ በኩል ደግሞ ፊቡላ የሚባለው ቀጭን አጥንት ግራና ቀኝ ይዘውታል። የሰው ክብደት በሙሉ በዚህች ጠባብ ቦታ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1976 ራምሴይ እና ሃሚልተን የተባሉ ተመራማሪዎች በሬሳ እግር ላይ ለክተው፣ ታለስ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ወደ ውጭ ሲንሸራተት አጥንቶቹ የሚነካኩበት ስፋት በአማካይ በ42 በመቶ እንደሚቀንስ አሳዩ። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት ከባንክ ካርድ ውፍረት እምብዛም አይበልጥም። ያ ሁሉ ክብደት በቀረችው ስፋት ላይ ሲያርፍ የመገጣጠሚያው ልስልስ ሽፋን ይላጣል፤ ሰውየው ገና በጉልምስናው ደረጃ መውረድ የሚፈራ ይሆናል።

ይህችን ሚሊ ሜትር የሚመልሳት የሐኪሙ እጅና ዓይን ነው። የብረቱ ሥራ የተመለሰውን አጥንት እስኪገጥም ድረስ ይዞ ማቆየት ነው፤ ለጥቂት ሳምንታት። ጠሞ የታሰረን አጥንት ውዱ ብረት በጠማማነቱ ያጸናዋል። እንዲያውም ጠንካራ በመሆኑ ይብሳል።

ለፊቡላ ስብራት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የተሠራበት ስስ ፕሌት አለ፤ አንድ ሦስተኛ ቱቡላር እንለዋለን። ስስ ስለሆነ በእጅ መሣሪያ ይታጠፋል፣ ከአጥንቱ ጋር ይላመዳል፣ ከቆዳ ሥር ብዙ አይጎላም። ስብራቱን የሚያጣብቀው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ፕሌቱ ራሱ አይደለም፤ በስብራቱ ላይ አግድም የሚገባ አንድ ብሎን ነው። የቅርቡን አጥንት በ3.5 ሚሊ ሜትር፣ የሩቁን በ2.5 ሚሊ ሜትር እንበሳለን። ብሎኑ በሰፊው ቀዳዳ ሳይነክስ ያልፍና በጠባቡ ይነክሳል፤ ሲጠብቅ ሩቁን አጥንት ወደ ቅርቡ ይጎትተዋል። ያን ጊዜ በስብራቱ መስመር ላይ የነበረችው የደም ክር ዓይንህ እያየ ትጠፋለች። ይህን ያየ ሬዚደንት ሁሉ ቁርጭምጭሚቱን የሚያድነው ምን እንደሆነ ያውቃል። ያቺን ክር ያጠፋት የፋብሪካው ስም አልነበረም።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው የሚቆለፈው ፕሌት ነው፤ የብሎኑ ራስ በፕሌቱ ቀዳዳ ጥርስ ውስጥ ገብቶ ይቆለፋል። ጥሩ ፈጠራ ነው፣ አልክድም። አጥንታቸው የሳሳ አረጋውያን፣ ስብራቱ ብዙ ቦታ የተፈረካከሰ ሰው፣ ስኳር እግሩን የጎዳው ሰው ላይ እኔም እጠቀምበታለሁ፤ ብሎን የሚነክሰው አጥንት ሲጠፋ መቆለፉ ይጠቅማል። አጥንቱ እንደ ድንጋይ የጠነከረ የሃያ አምስት ዓመት ወጣት በአንድ መስመር የተሰነጠቀች ፊቡላ ይዞ ሲመጣ ግን ይህ ፕሌት ምን ይሠራለታል? እስካሁን ሁለቱን ያነጻጸሩ ጥናቶች በቀላል ስብራት ላይ የሕመምተኛው አረማመድም ሆነ ሕመም በግልጽ እንደሚሻል አላሳዩም። ዋጋው ግን ብዙ እጥፍ ነው። ወፍራም በመሆኑም በዚያ ስስ ቆዳ ሥር ይጎላል፣ ጫማ ይከለክላል፤ ቁስሉ አልድን ያለባቸው ሕመምተኞች በዝተው የታዩባቸው ሪፖርቶችም አሉ። ወጣቱ የሚከፍለው ለጉዳቱ ነው ማለት ነው።

አንድ ወረቀት ላሳያችሁ። ለአስታማሚ የሚሰጥ ተራ የማዘዣ ወረቀት ነው። ላዩ ላይ የፕሌቱ ዓይነት፣ የቀዳዳው ብዛት፣ የኩባንያው ስም ተጽፏል፤ ግርጌው ላይ ስልክ ቁጥር አለ። ያንን ወረቀት ይዛ የመጣች እህት ገንዘቡን ያገኘችው ዱባይ በሰው ቤት ከምትሠራ ታናሿ ነው። የወንድሟን ራጅ አየሁት፤ ቀላል ስብራት ነው፤ ስሱ ፕሌት ከበቂ በላይ ነው። «ታዲያ ለምን ይህን አዘዙልን?» አለችኝ። መልሱን ያዘዘው ሰው ይስጣት። ከሻጭ ጋር የሚጋራው ጥቅም ካለ ደግሞ ያ ሕክምና አይባልም፤ ስሙ ሌላ ነው፣ ሁላችንም እናውቀዋለን።

ሌላ ማንም የማይነግራችሁ ነገር አለ። ዘመድ ከውጭ በሻንጣ ይዞት የመጣው ብረት አንዳንድ ጊዜ እዚህ ካለው መፍቻ ጋር አይገጥምም። አንዱ ኩባንያ የብሎኑን ራስ ስድስት ማዕዘን አድርጎ ይሠራል፣ ሌላው የኮከብ ቅርጽ ይሰጠዋል። ሲገባ ምናልባት መፍቻው አብሮት መጥቶ ይሆናል። ከሁለት ዓመት በኋላ ቁስሉ መርቅዞ ይውጣ ሲባል ግን መፍቻው የለም። ያኔ ብሎኑን ከነፕሌቱ በመቁረጫ እየቆረጥን፣ አጥንቱን እየፈለፈልን ነው የምናወጣው። በየመንግሥት ሆስፒታሉ መፍቻው የሚገኝለት ተራ ብረት ለዚህ አገር ሰው ከባሕር ማዶው ውድ ብረት የሚሻልበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይህ ነው። ይህ ነጥብ በየትኛውም የኩባንያ ማስታወቂያ ላይ አይጻፍም።

ወደ ቆዳው ልምጣ፤ እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ነው። በቁርጭምጭሚት ዙሪያ ሥጋ የለም፤ ቆዳና አጥንት ናቸው። ከተሰበረ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ያብጣል፣ ይወጠራል፣ ያብለጨልጫል፣ ውኃ የቋጠረ ፊኛ ያወጣል። በዚያ ቆዳ ላይ ቢላ ማሳረፍ ማለት ቁስሉ አፉን ከፍቶ፣ ብረቱ ወደ ውጭ እያየ ሕመምተኛውን ወራት ማስተኛት ነው። ደህና ሐኪም ይጠብቃል። እግሩን ከፍ አድርጎ ይሰቅላል፣ በየጠዋቱ ያያል፤ እብጠቱ ጎድሎ ቆዳው ሲሸበሸብ ይቀድዳል። ሰባት ቀን ይፍጅ፣ አሥር ቀን ይፍጅ። ከቦታው የወጣ መገጣጠሚያ ግን አንድ ሰዓትም አይጠብቅም። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ፣ ሕመም ማስታገሻ ተሰጥቶ፣ ወዲያው መመለስ አለበት። አጥንት ከውስጥ ወደ ውጭ እየገፋው ያደረ ቆዳ ይሞታል። «ስፔሻሊስቱ ነገ ይገባሉ» ተብሎ እግሩ እንደተጠማዘዘ ያደረ ሰው አይቻለሁ። በማግስቱ የትኛው ፕሌት ይግባለት የሚለው ጉባኤ ለእሱ ምን ይፈይዳል?

በእድሜ የገፉትን በተመለከተ ደግሞ እንግሊዞች የሠሩት ትልቅ ጥናት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሟል። እድሜያቸው ከ60 በላይ የሆኑ፣ ቁርጭምጭሚታቸው ያልጸና ስብራት የደረሰባቸው 620 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ብረት ገባላቸው፣ ግማሾቹ ከእግራቸው ጋር ተጣብቆ የተቀረጸ ጄሶ ታሰረላቸው። ከስድስት ወር በኋላ ከ100 በሚሰጠው የቁርጭምጭሚት ነጥብ ብረት የገባላቸው 66፣ ጄሶ የታሰረላቸው 64.5 አገኙ። ልዩነት የለም ማለት ነው። የቁስል መመርቀዝና መፈታት ግን በቀዶ ሕክምናው 10 በመቶ፣ በጄሶው 1 በመቶ ነበር። በአንጻሩ ጠሞ የገጠመ አጥንት በጄሶው 15 በመቶ፣ በብረቱ 3 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል፤ በጄሶ ከጀመሩት ከአምስቱ አንዱ ገደማም በኋላ ወደ ቀዶ ሕክምና ዞሯል። ሁለቱንም ወገን የምናገረው ሳልደብቅ ነው፣ ምክንያቱም ሕመምተኛው ሁለቱንም ሰምቶ መምረጥ አለበት። ሰባ ዓመት የሆናቸው፣ ቆዳቸው እንደ ወረቀት የሳሳ እናት «ያለ ብረት አይድኑም» ሲባሉ ግን ይህ ሐሰት ነው።

እዚህ ላይ ለባልደረቦቼ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ያ ጄሶ እኛ በድንገተኛ ክፍል ጥግ ላይ ብዙ ጥጥ ጠቅልለን የምንለብጠው ጄሶ አይደለም። በኦፕራሲዮን ክፍል፣ በማደንዘዣ፣ የሠለጠነ ሐኪም በመዳፉ ቀርጾ ያሰረው ነው፤ ከዚያም በራጅ እየተከታተሉ አይተውታል። ጥናቱን ጠቅሶ ጄሶውን አለቅልቆ መልቀቅ ሌላ በደል ነው። ጄሶ ማሰር ጥበብ ነው፤ ይህንን ጥበብ ለወጣት ሐኪሞች ማስተማር እየተውን ነው፣ ምክንያቱም ጄሶ የሚያሻሽጥ ኩባንያ የለውም፣ በስሙ ወርክሾፕ አይዘጋጅም።

ስለ አረጋውያን ካነሳሁ የኤድንብራውን ጥናት ሳልጠቅስ አላልፍም። ከ65 ዓመት በላይ የሆኑ 100 ሰዎች ግማሹ ፕሌት፣ ግማሹ በትንሽ ቀዳዳ በፊቡላ ውስጥ የሚገባ ዘንግ ተደረገላቸው። አረማመዳቸው ተቀራራቢ ሆነ፤ ቁስል መመርቀዝ ግን በዘንጉ እጅግ ያነሰ ነበር። ልዩነቱ የመጣው ቆዳው በረጅሙ ስላልተቀደደ ነው። በዚህም ጥናት የፈረደው ቆዳው ነው።

ከሁሉ የሚያስቆጣኝ ደግሞ ጭራሽ መቀደድ የማያስፈልገው እግር ሲቀደድ ነው። ፊቡላ ብቻ ተሰብራ፣ የውስጥ በኩል ጅማት ደህና ከሆነና ታለስ ካልተንቀሳቀሰ ያ እግር የጸና ነው። ይህን ለማወቅ ሕመምተኛው እግሩን መሬት አስነክቶ ቆሞ የሚነሳው ራጅ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ፊንላንዶች በዚህ ዓይነት ስብራት ላይ 247 ሰዎችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2019 እንዳሳዩት፣ ስድስት ሳምንት ጄሶ እንኳ አያስፈልግም፤ ሦስት ሳምንት ጄሶ ወይም ቀላል ድጋፍ ተመጣጣኝ ውጤት ሰጥቷል። እንግዲህ ሦስት ሳምንት ጄሶ የሚበቃው ሰው በብድር ብረት ሲገባለት ምን እንበል? ሰው ወጌሻ ጋ ለምን ይሄዳል ብለን በየስብሰባው እናማርራለን። ወጌሻ አጥብቆ ባሰረው ቀርከሃ ደም ተቋርጦ እግር ሲሞት፣ ሲቆረጥም አይቻለሁ፤ ያንን ጥፋት አላቃልልም። ነገር ግን ሆስፒታል በር ላይ «ብረት ግዛ» ብቻ የተባለ፣ ስለ ጄሶ ማንም ያልነገረው ገበሬ ወደ ወጌሻ ቢመለስ የገፋነው ማን ነን?

አሁን ሁለቱን የቅልጥም አጥንቶች ከታች አስተሳስሮ ስለሚይዘው ጅማት ልናገር፤ ሲንደስሞሲስ ይባላል። ይህ ጅማት ሲበጠስ ከፊቡላ ወደ ትልቁ አጥንት አግድም ብሎን እንሰድዳለን። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በብሎኑ ምትክ በሁለት ቁልፎች መካከል የሚወጠር ጠንካራ ክር መጥቷል። በኖርዌይ 97 ሰዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ጥናት ከሁለት ዓመት በኋላ ክሩ የተሻለ ነጥብ እንደሰጠ አሳይቷል። ይህን እውነት እቀበላለሁ፤ አቅም ላለው ሰው ክሩን አልከለክልም። ነገር ግን ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ሌላ ሥራ አለ፤ ጋርድነርና ባልደረቦቹ ብሎን የገባላቸውን 25 ሰዎች በሲቲ ስካን ቢያዩ በ13ቱ ላይ ፊቡላ በትክክለኛው ቦታዋ አልነበረችም። በተራው ራጅ ብዙዎቹ ደህና ይመስሉ ነበር። ከግማሽ በላይ! እንግዲህ ስለ ብሎንና ስለ ክር ከመከራከራችን በፊት ፊቡላ በቦታዋ መቀመጧን ማረጋገጥ የማን ሥራ ነው? ትንሽ ከፍቶ በዓይን ማየት፣ በጣት መዳሰስ፣ የጤናማውን እግር ራጅ አስቀድሞ አንስቶ ማነጻጸር ከየትኛውም ክር ይረክሳል። በቀዶ ሕክምና መሐል ራጅ የሚያሳየው ሲ አርም በሌለበት፣ ወይም ተበላሽቶ ወራት በቆመበት ሆስፒታል ደግሞ ይህ ምርጫ ሳይሆን ግዴታ ነው።

ሌላው ልማዳችን ያንን ብሎን ለሁሉም ሰው ቀን ቆጥሮ ማውጣት ነው። ሆላንዶች 152 ሰዎችን በዕጣ ከፍለው እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት፣ ብሎኑን ለሁሉም ማውጣት ችግር ሲፈጥር ብቻ ከማውጣት የተሻለ ውጤት አላመጣም። ሁለተኛ ማደንዘዣ፣ ሁለተኛ ቁስል፣ ሁለተኛ የአውቶቡስ ጉዞ ከጅማ ወይም ከደሴ፣ ሁለተኛ ሂሳብ። ለምን?

የውስጥ በኩሉን ጉብታ በሁለት ብሎን ማሰር ሁልጊዜ ግዴታ መስሎን ኖረናል። በኤድንብራ በ154 ሰዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመው ጥናት ፊቡላ ከታሰረች በኋላ ይህ ጉብታ በራሱ በደንብ ቦታውን ከያዘ ብሎን ቢገባለትም ባይገባለትም ከአንድ ዓመት በኋላ የአረማመድ ልዩነት እንደሌለ አሳይቷል፤ ብሎን ካልገባላቸው ከአምስቱ አንዱ ላይ ግን አጥንቱ አልገጠመም። እኔ በወጣት ላይ አሁንም አስራለሁ፣ ያልገጠመ አጥንት ይዞ ከሩቅ ገጠር ተመልሶ የሚመጣበት መንገድ ስለሌለው። ከትልቁ የቅልጥም አጥንት ኋላ በኩል የሚሰበረውን ስብርባሪ በተመለከተ «የመገጣጠሚያውን ሩብ ካላከለ ተወው» የሚለው የድሮ ሕግ እየፈረሰ ነው፤ ዛሬ ከመጠኑ ይልቅ ቅርጹና የታለስ መጽናት ይታያል።

እስካሁን የጠቀስኳቸው ንጽጽሮች የእንግሊዝ፣ የስኮትላንድ፣ የፊንላንድ፣ የኖርዌይና የሆላንድ ናቸው። ከእነዚህ በብዙዎቹ ውጤት የሚለካበት ሚዛን ኦሌሩድና ሞላንደር የተባሉ ስዊድናውያን እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጡት ነው። ከ100 ነጥብ ሕመም 25፣ ሥራና የዕለት ኑሮ 20፣ ደረጃ መውጣት 10 ይይዛሉ። ቁጢጥ ማለት ስንት ይይዛል? አምስት። መሮጥም አምስት፣ መዝለልም አምስት።

ይህን ስታነቡ የእናንተን እናት አስቡ። በርጩማ ላይ ዝቅ ብላ ቡና ታፈላለች። ወንዝ ዳር ቁጢጥ ብላ ልብስ ታጥባለች። መጸዳጃ ቤቷ መቀመጫ የለውም፤ ቁርጭምጭሚቷ አልታጠፍ ካለ በዚያ ጉድጓድ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ልትወድቅ ነው። በስቅለት ቀን ስትወድቅ ስትነሳ ትሰግዳለች። ሙስሊም ከሆነች በቀን አምስት ጊዜ ሶላት ላይ እግሯን አጥፋ ትቀመጣለች። አባታችሁ ገበሬ ከሆነ አረም የሚነቅለው ጎንበስና ቁጢጥ ብሎ ነው። ለእነዚህ ሰዎች ቁጢጥ ማለት ከመቶ አምስት ነው? ሕይወታቸው ነው! ስቶክሆልም ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጣ የምትበላ ሴት ቁጢጥ ማለት ባትችል 95 አግኝታ «በጣም ጥሩ» ትባላለች። የእኛዋ እናት እሱኑ 95 ይዛ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ትተዋለች። ይህን ልዩነት ሳይለኩ «ይህ ብረት ከዚያ ይሻላል» ማለት ለእኛ ሰው ምን ትርጉም አለው?

በዚህ ላይ ከኦፕራሲዮን በኋላ የምንሰጠው ምክር አለ። «ለሦስት ወር መሬት እንዳታስነካ!» የሚለው ቃል በየዋርዱ ይሰማል። በብሪታንያ 23 ሆስፒታሎች 480 ሰዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመው ጥናት ግን ብረት ከገባ ከሁለት ሳምንት በኋላ መርገጥ የጀመሩት ስድስት ሳምንት ከጠበቁት ያነሰ ውጤት እንዳላገኙ፣ ችግራቸውም እንዳልበዛ አረጋግጧል። ስኳር ስሜቱን ያደነዘዘው እግር ከዚህ ውጭ ነው፤ እሱ እጥፍ ጊዜ ይጠበቃል፣ ከዚህ ወዲያ ክርክር የለም። በቀን ሥራ ቤተሰቡን የሚያበላ ወጣት ግን ሦስት ወር ሲተኛ ልጆቹ ምን ይበላሉ? ቁርጭምጭሚቱ ደርቆ፣ ባቱ ሟሙቶ ሲመለስ ደግሞ ጥፋቱ የብረቱ ነው ይባላል። ፊዚዮቴራፒስት ሳያየው ከሆስፒታል የወጣ ሕመምተኛ ግማሽ ሕክምና ነው ያገኘው።

ይህን ሁሉ መለወጥ አይቻልም የሚለኝ ሰው ካለ የሳይንን ዘንግ ይመልከት። ሉዊስ ዘርክል የተባሉ አሜሪካዊ የአጥንት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1999 በዋሽንግተን ግዛት ሪችላንድ ከተማ ሳይን የተባለ ድርጅት መሠረቱ፤ ድርጅቱ ለጭንና ለቅልጥም ስብራት የሚሆን፣ ሲ አርም ሳይኖር የሚገባ ዘንግ ለድሃ አገሮች በነጻ ይሰጣል። ጥቁር አንበሳን ጨምሮ የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ተጠቅመውበታል። ሕጉ ቀላል ነው፤ ሐኪሙ የሠራውን እያንዳንዱን ሰው ራጅ ይልካል፣ ክትትሉን ይመዘግባል፣ በምትኩ የሚተካ ዘንግ ይላክለታል። የሠራኸውን አሳይ፣ ብረት ውሰድ። በመዝገቡ ላይ ከተጻፉት መመዘኛዎች አንዱ ሕመምተኛው ቁጢጥ ማለት መቻሉና እያለ የተነሳው ፎቶ ነው። እነዚያ ሰዎች ያዩትን እኛ በአገራችን፣ በራሳችን ሕመምተኛ ላይ ለማየት ምን አቃተን?

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። የማስተማሪያ ሆስፒታሎቻችን፣ ጥቁር አንበሳም አቤትም የክልሎቹም፣ ለቁርጭምጭሚት ስብራት አንድ ዓይነት መዝገብ ይክፈቱ። ስንት ሰዓት ላይ ከቦታው የወጣው መገጣጠሚያ ተመለሰ፣ ቆዳው ምን ይመስል ነበር፣ ምን ታሰረለት፣ ስንት ተከፈለ፣ ማን ከፈለ፣ በስድስት ሳምንቱና በዓመቱ ቁጢጥ ብሎ ተነሳ ወይ ይጻፍ። ጤና ሚኒስቴር ስሱን ፕሌትና ተራውን ብሎን ከነመፍቻው በየሆስፒታሉ ያከማች፤ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ገበሬ ለእነሱ ከኪሱ እንዳይከፍል ይደረግ። ከአስታማሚ እጅ የኩባንያ ስም ያለበት ወረቀት ይጥፋ፤ የሚቆለፍ ፕሌት ያዘዘ ሐኪም ለምን እንዳዘዘ በካርዱ ላይ ምክንያቱን ይጻፍ፣ እኔም ጭምር። መዝገቡ የሚፈልገው ደብተር፣ ስልክና ደውሎ የሚከታተል አንድ ነርስ ነው። ይህን የማይፈቅድ የሆስፒታል ኃላፊ ካለ እምቢ ያለበትን ምክንያት ፈርሞ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይለጥፍልን።